ሰው የማይሞትበት ልብ ወለድ

በሙዱላ ከተማ ልብ ወለድ መጽሐፍ እየተዋዋስን የምናነብ ሰዎች ቍጥራችን ከሰባት አይበልጥም። ከነዚህም ሁለቱ የትምህርት ቤት መምህራን፣ አንዲቱ ነርስ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ፣ አንዱ በጡረታ የሚኖሩ ሽማግሌ መምህር ሲሆኑ፣ ሰባተኛው ይህችን ጽሑፍ ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው እኛ ነን። ማኅበር ነን ብለን አናውቅም፤ ሊቀ መንበርም፣ መዝገብም፣ ወርኃዊ መዋጮም የለንም። መጻሕፍታችን የሚቀመጡት በልብስ ሰፊው ቤት፣ ከሲንጀሩ በስተኋላ በተሠራው መደርደሪያ ላይ፣ ከጨርቅ ቍራጭ ጋር ተደባልቀው ነው። ስለዚህ አንዱን መጽሐፍ አንሥቶ የገለጠ ሰው በገጾቹ መካከል ክር፣ አንዳንድ ጊዜም የሸሚዝ ቍልፍ ቢያገኝ አይደነቅም።

ሙዱላ የጠምባሮ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ እንሰትና ቡና፣ በቆሎና ዝንጅብል የሚበቅልበት፣ ወደ ኦሞ ወንዝ በኩል ቍልቍል የሚወርድ አገር ነው። ልብ ወለድ መጽሐፍ ግን እንደ ዝንጅብል ከማሳ አይገኝም፤ ከሩቅ ይመጣል። ለጉዳይ ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ሶዶ የሄደ ሰው በእጁ ይዞልን ይመለሳል፤ ለመስቀል በዓል ወደ ዘመዶቹ የሚመጣ ልጅም ከአዲስ አበባ በሻንጣው ያመጣልናል። ጥቂቶቹ ደግሞ በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ብዙ ዘመን ሠርተው የተመለሱ የአገራችን ሰዎች ከብርድ ልብስና ከድስት ጋር በሣጥን ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። ከወንጂ የመጣው አንዱ «ከአድማስ ባሻገር» ሽፋኑ ተቀድዶ ስለ ነበረ ነርሷ ከመድኃኒት ካርቶን ሌላ ሽፋን ሠርታለታለች፤ ዛሬ በዚያ ሽፋን ላይ የሚነበበው የበዓሉ ግርማ ስም ሳይሆን የሳል መድኃኒት ስም ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ዘመን ያነበብነው የመረጥነውን ሳይሆን የመጣልንን ነው። መጽሐፍ መምረጥ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደ ሆነ ያወቅነው ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ብቻ ነው፤ እርሱንም ያወቅነው ወዳጃችንን ካሳዘንን በኋላ ነው።

አንድ አንባቢ ለሌላው አንባቢ «የሚስማማኝን ልብ ወለድ ጠቁመኝ» ሲለው ነገሩ ቀላል ይመስላል። የተጠየቀውም ሰው ወዲያው እርሱ ራሱ የወደደውን መጽሐፍ ስም ይጠራል። ነገር ግን ጠያቂው የጠየቀው ስለ ራሱ ሲሆን መላሹም የመለሰው ስለ ራሱ ነው። በአገራችን ቆጮ ለእንግዳ የምታቀርብ ሴት እንኳ ከዚህ ይልቅ ትጠነቀቃለች፤ በጕድጓድ ብዙ ወራት የቆየውን የሚወድ አለ፣ ለጋውን የሚወድ አለ፣ አይብና ጎመን ካልቀረበለት የማይቀምስም አለ፤ ይህን ሁሉ ስለምታውቅ ቀድማ ትጠይቃለች። ለሆድ የሚደረገው ጥንቃቄ ለልብ ሳይደረግ መቅረቱ ያስገርማል።

ከአንድ መደርደሪያ ብናነብም የሰባታችን ፍላጎት አንድ አይደለም። ልብስ ሰፊው የሚወደው ስለላና ምርመራ ያለበትን ታሪክ ነው። እጁ በሥራ ስለሚያዝ ማሞ ውድነህ የተረጐሟቸውን የስለላ መጻሕፍት ሴት ልጁ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች፤ ምሥጢሩ ሊገለጥ ሲል መኪናውን ያቆማል፤ በዚያች ሰዓት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ መልስ አያገኝም። ከሁለቱ መምህራን ወጣቱ የአዳም ረታ ወዳጅ ነው፤ «ግራጫ ቃጭሎች»ን ሦስት ጊዜ አንብቦ አራተኛውን ጀምሯል፤ እኛ አንዱን ቀላል ታሪክ ስናመሰግን ሲሰማ ፊቱን ያጨፈግጋል። ጸሓፊው ደግሞ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን «አደፍርስ»ን ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ጥሎታል። የዳኛቸው ወርቁን ታላቅ ደራሲነት አይክድም፤ ነገር ግን «ቀኑን ሙሉ ከባድ ደብዳቤ ስጽፍ ውዬ ማታ ከባድ መጽሐፍ አልሸከምም» ይላል። በዚህም አንፈርድበትም። እኛ በበኩላችን ጕዞና ምግብ ያለበትን ታሪክ እንወዳለን፤ ደራሲው ሰዎቹን ራት ሳያበላ ሦስት ምዕራፍ ሲያስኬዳቸው እናዝናለን።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀችን ነርሷ ናት። ነርሷ የምትወደው ኀዘን የበዛበትን መጽሐፍ ነው። ሥራዋ ከሕመምና ከሞት ጋር ሆኖ ሳለ ማታ ደግሞ ኀዘን ፈልጋ ማንበቧን ስላልተረዳነው አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅናት። «በሥራዬ ላይ ማልቀስ አይገባኝም፤ ስለዚህ ቤቴ ገብቼ ለበዛብህ አለቅሳለሁ» አለችን። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ የኀዘን ቲያትር በርኅራኄና በፍርሀት አማካይነት የተመልካቹን ስሜት ያነጻል ሲል ከ2300 ዓመት በፊት ያስተማረውን ነርሷ አላነበበችም፤ ግን ከእርሱ ባጠረ ቃል ተናገረችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የሽማግሌው መምህር ባለቤት ዐረፉ። እኛ «ጋሼ» የምንላቸው እኒህ ሰው ከባለቤታቸው ጋር አርባ አንድ ዓመት ኖረዋል። ልቅሶ ደረስን፤ አብረናቸው አመሸን፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ወር ያህል ከቤታቸው አልወጡም። በ2017 ዓ.ም. መስከረም፣ የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን ወደ ልብስ ሰፊው ቤት መጡ። በርጩማ ተሰጥቷቸው ተቀመጡ፤ ውሃ ጠጡ፤ መደርደሪያውንም ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱና «ልጆቼ፣ ሰው የማይሞትበት ልብ ወለድ ስጡኝ» አሉ።

እኛም የጠየቁት ነገር ትንሽ መስሎን ደስ አለን። ያን ጊዜ በመደርደሪያው ላይ ሠላሳ አራት ልብ ወለዶች ነበሩ። ጋሼ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብለው ከሄዱ በኋላ አምስት ሆነን ተቀምጠን አንድ በአንድ እያነሣን መመርመር ጀመርን። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና በስሙ ወደቀ። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» እና የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የተጻፉ ናቸውና መቅደላ ላይ የሆነውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። «ኦሮማይ»ን ያነሣችው ነርሷ ናት፤ ወዲያው ፊያሜታን አስታውሳ መልሳ አስቀመጠችው። ከማዕበል ጋር የተያያዘ ስም ያላቸው ሦስቱ የብርሃኑ ዘሪሁን መጻሕፍት የወሎን ረኃብና አብዮቱን የያዙ ስለ ሆኑ እንኳን ለኀዘንተኛ ለሌላውም ይከብዳሉ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም» አጭርና ለዛ ያለው ነው ብሎ ጸሓፊው ተስፋ አድርጎ ነበር፤ በዚያም ውስጥ የአወቀ አባት ይሞታል፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሣውም በተዝካሩ ምክንያት ነው። መሸ፤ ፋኖስ በራ፤ በመደርደሪያውም ላይ የቀረ ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል። እስከዚያች ማታ ድረስ ከሬሳ ሣጥን ጋር ስንኖር እንደ ነበረ አናውቅም ነበር።

በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ አንድ መጽሐፍ አነሣ። ማን እንደ ሆነ መናገር ካስፈለገ እኛው ነን። የመጽሐፉን ስም አንጠራም፤ መጽሐፉም ደራሲውም በደል የለባቸውም። እኛ ያነበብነው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ በልባችን የቀረው አንዲት በቅሎ የሠርግ ዳስ ምሰሶ ነቅላ እየጎተተች ስትሮጥ፣ ሽማግሌዎቹም በየአቅጣጫው ሲበተኑ የሚያሳየው ክፍል ነበር። ያን ክፍል ለሰዎቹ በቃላችን አውርተን ሁሉንም አሳቅናቸው። በማግሥቱም መጽሐፉን ወደ ጋሼ ቤት ወስደን «ይህ ያስቅዎታል» ብለን በእጃቸው ሰጠናቸው።

በሳምንቱ መጽሐፉ ተመለሰ። በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ፣ ለልብስ ሰፊው ልጅ ተሰጥቶ ነበር እንጂ ጋሼ ወደ ውስጥ አልገቡም፤ መልእክትም አልተዉም። ነርሷ ነገሩ ከንክኗት መጽሐፉን ወስዳ በአንድ ሌሊት አነበበችው። በማግሥቱ ስትመጣ ምንም ሳትናገር አንዱን ምዕራፍ ገልጣ ሰጠችን። የዋናው ሰው ሚስት ትታመማለች፤ ባልየው በአልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል፤ ውሃ በማንኪያ ያጠጣታል፤ ይህም ዐሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ይዘልቃል፤ በዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ትሞታለች። እኛ ከዚህ ሁሉ አንዲት መሥመር እንኳ አላስታወስንም። በቅሎዋን አስታውሰን ሚስቲቱን መርሳታችን እንዴት እንደ ሆነ ስናስበው ሌላ ምክንያት አላገኘንለትም፤ መጽሐፉን ያነበብነው ገና ሳናገባ ነበር።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ጥቅምትን በሙሉ አልመጡም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ይሰጡናል፤ ነገር ግን አይቆሙም። ወዳጅ የሚያጡት በጠብ ብቻ እንዳይደለ፣ በመጽሐፍም ማጣት እንደሚቻል ያን ጊዜ ተማርን።

በዚያ ወር ውስጥ ብዙ አሰብን፤ እርስ በርሳችንም ተከራከርን። የአማርኛ ልብ ወለድ ስለ ምን ይህን ያህል ሰው ይቀብራል? ወጣቱ መምህር ደራሲዎቻችን ከገድልና ከታሪክ ነገሥት የወረሱት ነው አለ፤ የጻድቅም የንጉሥም ታሪክ ያለ ዕረፍቱ አይፈጸምምና። ይህ ከፊል እውነት ነው እንላለን። እኛ ግን ይልቁንም የደራሲዎቹን የገዛ ሕይወት እንመለከታለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወስደው ታስረዋል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከታተመ በኋላ መጽሐፉ ከገበያ ተሰብስቦ እርሱ ራሱ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጐመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። እንዲህ ባለ ዘመን የኖረ ደራሲ ሰዎቹን ሁሉ በደኅና አኑሮ መጽሐፉን ቢዘጋ አንባቢው ያምነው ነበር ብለን አናስብም። እነዚያ እስረኞችም በጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው የሩቅ አገር ጦርነትና ኀዘን ያለበትን ታሪክ ሲያነቡ ኀዘኑ እንዳልከለከላቸው ግልጥ ነው። ስለዚህ ለኀዘንተኛ ደስታ፣ ለደስተኛ ኀዘን ብሎ መጽሐፍ ማዘዝ እንደማይቻል ገባን። ነርሷና ጋሼ ሁለቱም ሞትን በቅርብ አይተዋል፤ አንደኛዋ እርሱኑ ትፈልጋለች፤ ሌላው ይሸሹታል። ይህ የሆነበትን ምክንያት ለማወቅ መንገዱ አንድ ነው፤ ሰውየውን መጠየቅ ነው። እኛም ያላደረግነው ይህንኑ ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ ነርሷና እኛ ቡናና ስኳር ይዘን ወደ ጋሼ ቤት ሄድን። የልጅ ልጃቸው ቡና አፈላች። እኛም ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀነውን ረጅም ንግግር ጀመርን፤ ጋሼ ግን በመካከሉ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን።

«መጽሐፉ አላስቀየመኝም፤» አሉ። «ሞትንም ፈርቼ አይደለም። ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ እንዲያውም ጐረቤቴ ነው። ነገሩ ሌላ ነው፤ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ።»

እንደማንስቅ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ የሚከተለውን አጫወቱን።

ባለቤታቸው አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ብቻ ነበር፤ ማንበብም አልተማሩም። ጋሼ ደግሞ መምህር በሆኑበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ማታ ማታ፣ ባለቤታቸው ለነገ የሚሆነውን ሥራ ሲያሰናዱ፣ ካነበቡት መጽሐፍ ላይ ጥቂት ጥቂቱን በጠምባሮ ቋንቋ እየመለሱ ይነግሯቸው ጀመር። ይህም ልማድ ሆኖ አርባ ዓመት ቆየ። መብራት በሌለበት ዘመን በኩራዝ፣ በኋላም በአምፑል አነበቡላቸው። የመጀመሪያው ትልቅ መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጋሼ ሰምተውት ስለ ነበረ ድምፁን እየመሰሉ ይነግሯቸው ነበር።

«ፊታውራሪ መሸሻን ስነግራት ከት ብላ ትስቃለች፤ ጉዱ ካሣን እንደ ወንድሟ ወደደችው፤» አሉ ጋሼ። «ወደ መጨረሻው ስንደርስ ግን ያን ጊዜ የመጀመሪያው ልጃችን ከሞተብን ገና ሦስት ወር መሆኑ ነበር። በዛብህ በመንገድ ላይ ወንበዴዎች አቍስለውት ሲወድቅ ነገርኋት። ሥራዋን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። 'ይሞታል?' አለችኝ። እኔም መጽሐፉን እያየሁ፣ ፊደሉን እያየሁ፣ 'አይሞትም' አልኋት።»

በዛብህ በዚያ ቤት ውስጥ አልሞተም። ቍስሉ ሻረ፤ ሰብለወንጌል ደረሰችለት፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ገብተው ቤት ሠሩ፤ ጉዱ ካሣም ተከትሏቸው መጥቶ ልጃቸውን ፊደል አስቈጠረ። ጋሼ ይህን ሁሉ ከገዛ ልባቸው እየጨመሩ ሁለት ሳምንት ያህል እንዳስረዘሙት ነገሩን። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሞተ የመጽሐፍ ሰው የለም። ፊያሜታም ከአስመራ በደኅና ወጥታለች።

«አላወቁብዎትም?» አለች ነርሷ።

«እንጃ፤» አሉ ጋሼ። «አንድ ቀን ብቻ 'የዚያ መጽሐፍ ስሙ ምን ማለት ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። ፍቅር እስከ መቃብር ማለት እንደ ሆነ ነገርኋት። 'መቃብሩ ታዲያ የማን ነው?' አለችኝ። ጨነቀኝና 'የፊታውራሪ መሸሻ ነው' አልኋት። ምንም አልመለሰችም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ እሳቱን ቈሰቈሰች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

ቡናው ሁለተኛ ተቀዳ። ጋሼ ቀጠሉ፤ «አሁንም ማታ ማታ አነባለሁ። ድምፄን አውጥቼ በቋንቋችን እመልሰዋለሁ፤ ልጅቱ አያቴ ለብቻው ያወራል ብላ ትፈራለች። ሰው የሚሞትበት ቦታ ስደርስ ግን እንደ ቀድሞው መለወጥ አቃተኝ። የምለውጥላት ሰው ሳትኖር መለወጥ ውሸት ሆነብኝ። ስለዚህ ደራሲው ራሱ ያልገደለበት መጽሐፍ ካለ ብዬ ነው የጠየቅኋችሁ። ደግሞስ ልብ ወለድ ብለው ስም አውጥተውለት፣ በልብ የወለዱትን ልጅ ስለ ምን ይገድሉታል?»

የጋሼን ነገር እንደ ሽማግሌ ቀልድ ብቻ እንዳይመለከቱት አንባብያንን እንለምናለን። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1681 ዓ.ም. ናሑም ቴት የተባለ ሰው የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» ወስዶ ኮርዴሊያ ሳትሞት፣ ይልቁንም ተድራ እንድትኖር አድርጎ ጻፈው፤ የእንግሊዝም ቲያትር ቤቶች መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ያሳዩት ይህንኑ ነበር። ሊቁ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ በኮርዴሊያ ሞት እጅግ ከመደንገጡ የተነሣ የመጨረሻውን ክፍል መጽሐፉን ለማሳተም እስኪያርመው ድረስ ደግሞ ለማንበብ እንደ ከበደው ገልጧል። ቴትን ሊቃውንት ሲነቅፉት ይኖራሉ። እኛም ከጥቂት ጊዜ በፊት እንነቅፈው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍለጋችን ሥርዐት ያዘ። አዲስ አበባ ለሚማር ለአንድ የአገራችን ልጅ ደብዳቤ ጻፍንለት፤ እርሱም በታኅሣሥ አንድ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ላከልን። መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው፣ ዛሬ «ጦቢያ» በሚለው ስም የሚታወቀው፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የደከምንበት ነገር በአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ መገኘቱ አስገረመን፤ «ልብ ወለድ» የሚለውን ስም ያገኘነው ከዚሁ መጽሐፍ ነው፤ ፍጻሜውም መቃብር ሳይሆን ሠርግ ነው። መንትዮቹ ጦቢያና ዋሕድ ብዙ መከራ ካዩ በኋላ ሁለቱም ለማግባት ይበቃሉ። በመጀመሪያው ጦርነት ብዙ ሠራዊት ማለቁን ለጋሼ አስቀድመን ነገርናቸው፤ ሁለተኛ መሳሳት አልፈለግንምና። «ስማቸው ካልተጠራ ግድ የለም» ብለው ወሰዱት።

በአንድ ወር ጨርሰው መለሱት። አማርኛውን እጅግ ወደዱት፤ አንዳንዱን ቃል ወደ ጠምባሮ ቋንቋ ለመመለስ ሦስት ቀን እንደ ፈጀባቸው ነገሩን። ነገር ግን ፊታቸው ላይ አንድ ቅሬታ አየን። ብንጠይቃቸው «የሚድኑት ንጉሥና የመኰንን ልጆች ናቸው። እርሷ ብትኖር 'ከእኛ ወገን የዳነ የለም ወይ?' ትለኝ ነበር» አሉ።

ይህ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀንም። የእንሰት ተክል ያለበት፣ ማለዳ ቆጮ የሚፋቅበት፣ ኦሞ ከሩቅ የሚታይበት የአማርኛ ልብ ወለድ ታውቃላችሁ ወይ ተብለን ብንጠየቅ መልስ የለንም። ፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» በሚለው መጽሐፉ የሐመርን ሰዎች ኑሮ በልብ ወለድ አሳይቷል፤ ይህም ከመሐል አገር የራቀ ኑሮ በአማርኛ ሊተረክ እንደሚችል ይመሰክራል። እኛ ግን ሐመሮች አይደለንም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የማጠውለግ በሽታ የዝንጅብሉን ማሳ ሲያጠፋው ገበሬው ምን እንደ ተሰማው፣ ልጁ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ሲነሣ እናቱ በሻንጣው ምን እንደ ከተተችለት፣ ወንጂ ሠላሳ ዓመት ሸንኮራ ቈርጦ የተመለሰ ሰው የገዛ መንደሩ እንዴት እንግዳ እንደ ሆነበት የሚተርክ መጽሐፍ ብናገኝ የልብስ ሰፊው መደርደሪያ ላይ የመጀመሪያውን ቦታ እንሰጠው ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ተጽፎ እኛ ያልሰማን እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የሚያውቅ ያሳውቀን።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፣ ልመናችን ይህ ነው። ለልብስ ሰፊው ምሥጢሩ እስከ መጨረሻው ገጽ የማይታወቅ ታሪክ፣ ለነርሷ የሚያስለቅስ፣ ለወጣቱ መምህር የሚያስቸግር፣ ለጸሓፊው የማያስቸግር ብትጠቁሙን እናመሰግናለን፤ እነርሱ ግን ሊታገሡ ይችላሉ። የምንቸኵለው ለጋሼ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ወይም ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ሰዎቹ እንደ እኛ ያሉ ተራ ሰዎች የሆኑ፣ መከራ ቢያገኛቸውም የሚወጡ፣ በመጨረሻውም በሕይወት የሚገኙ፣ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም ይጻፍልን። ቀልድ ቢኖርበት መልካም ነው፤ የበዕውቀቱ ሥዩምን «እንቅልፍና ዕድሜ» አንድ ሰው ጠቁሞን እየፈለግነው ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ እንላለን፤ መጽሐፉን ያነበባችሁት ከብዙ ዓመት በፊት ከሆነ ስሙን ከመላካችሁ በፊት እንደ ገና ገልጣችሁ እዩት፤ የእኛ በቅሎ ለእናንተም እንዳትበቃ።

የሚሸጥ ከሆነ ዋጋውን አዋጥተን እንልካለን። የምታውሱን ከሆነም ገጹን ሳናጥፍ፣ በጋዜጣ ጠቅልለን፣ በሚመጣው የመጀመሪያ መንገደኛ እጅ እንመልሳለን፤ ክር ወይም የሸሚዝ ቍልፍ ቢገኝበት ግን እንዳትቀየሙ። በውስጡ አንድ ሰው ብቻ የሚሞትበት መልካም መጽሐፍ ብታገኙ እርሱንም አትተዉት፤ ገጹን ብቻ ጻፉልን። ጋሼ ባለፈው ሳምንት ወደ ልብስ ሰፊው ቤት መጥተው ነበር፤ ያን ገጽ መዝለል እንደሚሞክሩ ነግረውናል።